ሊደፋ የነበረው ውሃ

አንድ ፈጣን ልጅና አንዲት ረጋ ያለች ልጅ በአንድ የላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ተመደቡ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ናቸው። ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ሥራቸው በማኑዋሉ ላይ በሁለት ቃል ተጽፏል፦ ፌኒቶይን ማዘጋጀት። ፌኒቶይን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ልጁ ይህን ሲያነብ ተነቃቃ። እስከዚያ ቀን የሠሩት ሁሉ ሲጀመር ሽታ፣ ሲያልቅ ዱቄት ነበር፤ ፋርማሲ ገብተው "ይሄ አለ?" ብለው ሊጠይቁለት የሚችሉት ነገር ሠርተው አያውቁም።

በዚያ ላብራቶሪ ጋሼ የሚባሉ ሰው አሉ። መምህር አይደሉም። ኬሚካል ይመዝናሉ፣ የተሰበረ ዕቃ ይመዘግባሉ፣ ቁልፍ ይይዛሉ። ስንት ዓመት እንደሠሩ ሲጠየቁ ጣታቸውን ያሳያሉ። ናይትሪክ አሲድ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ በእሳቸው ጣት ላይ ደግሞ አንዱ ቢጫ ሳይለቅ ሌላው ይደርስበታል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቀለበት በቀለበት ሲስል ጋሼ ከኋላ ቆመው ይሰማሉ። ያንኑ ትምህርት በየዓመቱ ስለሚሰሙት መምህሩ የዘለለውን ሁሉ ያውቁታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤንዛልዲሃይድ ተሰጣቸው፤ ዘይት የሚመስል፣ ኬክ ቤት ኬክ ቤት የሚሸት ፈሳሽ ነው። በቫይታሚን ቢ1 አማካይነት ሞለኪውሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጋጠሟቸው። ይህን የማጋጠም ሥራ ድሮ የሚሠራው ሳይናይድ ነበር፤ ቫይታሚኑ በመርዙ ቦታ ከተተካ ወዲህ ተማሪም መምህርም እፎይ ብለዋል። ነጭ ክሪስታል ወጣ፤ ቤንዞይን ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ቤንዞይኑን ከናይትሪክ አሲድ ጋር ጭስ በሚመጥጠው ሁድ ውስጥ አሞቁት። ቀላ ያለ ቡናማ ጭስ እየተነነ ወጣ፣ ሲበርድም እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ ነገር ፍላስኩ ውስጥ ቀረ። እሱ ቤንዚል ነው። ልጁ ፎቶ አነሳው። በእርግጥም ከሦስቱ ሳምንት ሁሉ ለዓይን የሚያምረው ይኸው ቢጫ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እሱም አይደለም።

ሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ከቤንዚሉ 5.3 ግራም መዘኑ። ቀጥሎ "ዩሪያ 3 ግራም" ይላል። ልጅቷ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?" አላት።

"አባቴ በኩንታል የሚገዛውን በግራም ስመዝን ነዋ።"

እውነቷን ነው። ገበሬው ለስንዴው የሚበትነው ማዳበሪያና እዚህ በትንሽ ጠርሙስ የተቀመጠው ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ የጠርሙሱ በንጽሕና ይበልጣል እንጂ። ቤንዚሉንና ዩሪያውን ከአልኮልና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ፍላስክ ውስጥ ጨመሩና በላዩ ኮንደንሰር ተከሉበት። ነገሩ እንደ አረቄ ማውጫ ነው፤ ልዩነቱ ቀዝቅዞ የሚወርደው አልኮል ወደ ሌላ ዕቃ አይሄድም፣ ተመልሶ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይገባል። እንዲህ እየወጣና እየወረደ ሁለት ሰዓት ይፈላል።

ሁለት ሰዓት ለፈጣን ሰው ረጅም ነው። ልጁ ስልኩን አወጣ። ጋሼ በርጩማቸውን ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

"አሁን እዚያ ውስጥ አንዱ ቤት እየለቀቀ ነው" አሉ ፍላስኩን በአገጫቸው እያመለከቱ።

"ማን ነው የሚለቀው፣ ጋሼ?" አለች ልጅቷ።

"ቤንዚል ላይ ሁለት የካርቦን ጎረቤታሞች አሉ አይደል? እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀለበት ይዘዋል። ዩሪያው ሲመጣ አንዱ ቀለበት ዕቃውን ጠቅልሎ ጎረቤቱ ቤት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም በአንድ ካርቦን ላይ ነው የሚኖሩት። ያ ቀለበት ባይሰደድ መድኃኒት የለም።" ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። "መጀመሪያ የሠራው ሄንሪክ ቢልትስ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1908፣ በፈረንጆቹ። ለበሽተኛ ብሎ አልሠራውም። ኬሚስት ነው፤ ይሆናል ወይ ብሎ ሞከረ፣ ሆነለት፣ ጻፈው። ከዚያ 30 ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠ።"

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። "መድኃኒት መሆኑን ሳያውቁ?"

"ከየት ያውቃሉ! አያስተኛማ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሁሉ እንቅልፍ ያመጣሉ። ከ1857 ጀምሮ ብሮማይድ ነበር። በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ለእንቅልፍ ተብሎ የተሠራው ፌኖባርቢታል መውደቁንም እንደሚቀንስ አስተዋለ። በሽተኛው መውደቁን ይተዋል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል። ሐኪሞቹም ሁለቱን አንድ አድርገው አዩት፦ መውደቅን የሚያስቆመው ያው ማስተኛቱ ነው አሉ። በዚህ ሚዛን የቢልትስ ዱቄት ክብደት አልነበረውም። አያስተኛም፤ ስለዚህ ለምንም አይሆንም። በ1930ዎቹ ቦስተን ውስጥ ትሬሲ ፑትናምና ሂዩስተን ሜሪት ጥያቄውን ገለበጡት። ድመት ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰደዱ፣ ምን ያህል ሲደርስ እንደምትንቀጠቀጥ ለኩ፤ ከዚያ ፓርክ ዴቪስ ከሚባለው የመድኃኒት ፋብሪካ የመጡትን ውህዶች እየሰጡ እንደገና ለኩ። ያ አያስተኛም የተባለው ዱቄት ንዝረቱን ቻለ። በ1938 ሰው ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። የተናቀበት ነገሩ ዋናው ጸጋው ሆኖ ተገኘ፤ ሰውዬውን ነቅቶ እንዳለ ነው የሚጠብቀው።

ጋሼ ይህን ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል አልተናገሩም። ድመቷን ከመጀመሪያ አመጧት፣ ስሞቹንም እንደተመቻቸው ጠሯቸው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።

ፍላስኩ በረደ። ማኑዋሉ "ውሃ ውስጥ ገልብጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ አጣሩ" ይላል። ልጁ ገለበጠው። ወዲያው ውሃው ደፈረሰ፣ ከታችም ነጭ ነገር መዝቀጥ ጀመረ።

"ወጣ!" አለ ልጁ። ማኑዋሉ ቀጥሎ ሁለት መስመር ነበረው፤ አላነበበውም።

ቡክነር ፈነሉ ላይ የማጣሪያ ወረቀት አንጥፎ አፈሰሰው። ነጩ ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ ፈሳሹ ከሥር ባለው ፍላስክ ተጠራቀመ። ነጩን በማንኪያ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ደቃቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መድኃኒት ይመስላል። ወረቀቱን በጥንቃቄ አንስቶ አስቀመጠና ፍላስኩን አንገቱን ይዞ ወደ ሲንኩ ሄደ። ከሲንኩ በላይ "ኬሚካል መድፋት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ሁሉም ያነበዋል፣ ሁሉም ይደፋል።

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነስተው የሲንኩን አፍ በመዳፋቸው ከደኑት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ውሃውን ልደፋዋ፣ ጋሼ።"

"ውሃ ነው ያለህ ማን ነው?"

ልጁ ፍላስኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ትንሽ ቢጫ ያለበት፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ዛፍ በውስጡ ይታያል። "ምንም የለበትም እኮ። ይዩት።"

ልጁን አትፍረዱበት። እናቱ አይብ ስታወጣ አይቶ ያደገ ልጅ ነው። አሬራው እሳት ላይ ይለያል፤ ነጩ አይብ ይነሳል፣ አጓቱ ለጥጃ ወይም ለውሻ ይሄዳል። ጠጣሩ ምግብ፣ ፈሳሹ ትራፊ ነው። እጁ ወደ ሲንኩ የሄደው እናቱ ቤት በተማረው መንገድ ነው። በኬሚስትሪም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ራሱ ወረቀቱ ላይ የቀረውን እንጂ ያለፈውን ፈልጎ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሼ አልተከራከሩም። ከነጩ ዱቄት በስፓቹላ ጫፍ ቆንጥረው የሙከራ ቱቦ ውስጥ ጣሉት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመሩበት፣ አውራ ጣታቸውን ሳያስነኩ በቡሽ ከድነው ወዘወዙት። ዱቄቱ አልሟሟም፤ ተመልሶ ከሥር ተቀመጠ።

"መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ አሁን አታየውም ነበር" አሉ። "አልካሊ ውስጥ ሲገባ አንድ ሃይድሮጅኑን ይለቅና ጨው ሆኖ ይሟሟል፤ ውሃ ይመስላል። ይሄኛው ግን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ አይለቅም። አንዱ ቤንዚል ሁለት ዩሪያ ሲይዝ የሚወጣ ነው። በዚህ ቤት ማንም አይፈልገውም፤ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ እሱ ነው የሚታየው።"

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ማኑዋሉን ገልጣ፣ ያልተነበቡት ሁለት መስመሮች ላይ ጣቷን አድርጋ ቆማለች። "የተጣራው ፈሳሽ አሲድ እንዲሆን አድርጉ" ይላል።

ፈሳሹን ቢከር ውስጥ ገልብጠው ሁዱ ሥር አስገቡት። ልጅቷ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱን ጠብ ጠብ ታደርግ ጀመር። የመጀመሪያው ጠብታ ያረፈበት ቦታ ነጭ ጉም ብቅ አለና በዘንጉ ስታማስለው ጠፋ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ልጁ "አየሽ፣ ምንም የለም" ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ አንዱ ጠብታ ሲገባ ጉሙ አልጠፋም። ቀጣዩ ሲጨመር ተስፋፋ። ከዚያማ ዛፍ ይታይበት የነበረው ፈሳሽ እሳት ላይ እንደ ተለየ አሬራ ጥጥ ጥጥ እያለ ነጣ፤ ዘንጉ ራሱ እየከበዳት መጣ። ሊትመስ ወረቀቱ ቀላ። ቢከሩን በበረዶ ውስጥ አስቀመጡት።

ልጁ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፍላስኩን የያዘውን እጁን አየው።

"አጓቱ ውስጥ ነበር?" አለ።

"አጓቱ ውስጥ ነበር" አሉ ጋሼ።

አጣሩት፣ በትኩስ አልኮል አሟሙተው እንደገና ክሪስታል አወጡት፣ አደረቁት፣ መዘኑት። ሦስት ግራም አይሞላም። ሁሉም ነገር ያለ ብክነት ቢሆን 6 ግራም ያልፍ ነበር፤ ግን በዚህ ሥራ ከግማሽ በታች ማግኘት ደንብ ነው፣ የሚያሳፍር አይደለም። የሚቀልጥበትን ሙቀት ለኩ፤ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀለጠ። እሱ ራሱ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄን ለሰው ብንሰጠው ይሠራል?" አለ ልጁ።

"አይነካም። ተማሪ የሠራው አይዋጥም፤ ስሙን ይያዝ እንጂ ውስጡ ሌላ ምን እንዳለ አናውቅም።"

ይህን ያሉት ለወግ አይደለም። የፌኒቶይን መንገድ ጠባብ ነው፤ ደም ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም መካከል መቆየት አለበት። ጉበት እስከ አንድ ልክ ድረስ ያስወግደዋል፤ ከዚያ ካለፈ ትንሽ የመጠን ጭማሪ ደም ውስጥ ያለውን በብዙ ያንረዋል፣ ሰውዬው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይዋልላል። በ1968 አውስትራሊያ ውስጥ በሽተኞች እንዲህ ሲሆኑ የመድኃኒቱ መጠን አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው የካፕሱሉ መሙያ ነው፤ ካልሲየም ሰልፌት የነበረው ላክቶስ ሆነ፣ በዚህም መድኃኒቱ ከበፊቱ በበለጠ ወደ ደም ገባ። ሥራ የለውም የተባለ ዱቄት ነው ይህን ያደረገው።

ዱቄቱን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ስማቸውን ጻፉበትና ለመምህሩ አስረከቡ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የነበሩት ሁለት ልጆች ግን ከሁሉም ቀድመው ነው የወጡት። የመጀመሪያውን ነጭ አድርቀው መዘኑ፣ "ፌኒቶይን" ብለው ጻፉበት፣ ተጨባብጠው ወደ ካፌ ሄዱ። ሲንካቸው ውስጥ ቧንቧው ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃው ይወርዳል። ጋሼ ሄደው ዘጉት።

ምሳሌው ይኸው ነው። ለኬሚስት ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ቀድሞ በዘቀጠው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጡ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ሰው በወር አንድ ጊዜ ለሦስት ደቂቃ ይወድቃል እንበል። በ30 ቀን ውስጥ 43,200 ደቂቃ አለ። በቀረው 43,197 ደቂቃ ያርሳል፣ ያስተምራል፣ ይከራከራል፣ ያበድራል፣ ይቀልዳል። ያ ሁሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዛፍ ይታይበታል፤ ስለዚህ የሚያየው የለም። ሰፈር ስም የሚያወጣለት ግን በሦስቱ ደቂቃ ነው፤ "ያ የሚጥለው።" ከዚያ ወዲያ ማዕዱ ለብቻው ይሆናል፣ ጋብቻው ይቀራል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ለሃጩም ያስተላልፋል ተብሎ ወድቆ ሳለ የሚነካው ይጠፋል፤ አያስተላልፍም። የሚቀርበው ቢገኝ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል፤ ክብሪቱ የሚያቆመው ነገር የለም። በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው የሚያስፈልገው።

እና ይህ ሩቅ ያለ ሰው አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት፣ በፈረንጆቹ 1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። ሺህ ሰው ባለበት መንደር አምስት ሰው ማለት ነው። ተገቢውን መድኃኒት በየቀኑ ሳያቋርጥ ቢወስድ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ሳይወድቅ መኖር ይችላል፤ ግን መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ለማምጣት መጀመሪያ ከጓዳ የሚያወጣው ሰው ያስፈልጋል።

የተማሩትም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ስህተት አያመልጡም። ከ1882 ጀምሮ የሚታወቀው ቫልፕሮይክ አሲድ ለስምንት አሥርት ዓመታት ሌሎች ነገሮችን ማሟሚያ ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ ፒየር ኤይማር የሚባል ተመራማሪ አዳዲስ ውህዶችን በእሱ እያሟሟ መንቀጥቀጥን ይከላከሉ እንደሆነ ያስሞክር ነበር። ጸባያቸው የተለያየ ውህዶች ሁሉ "ሠሩ።" ሁሉም መሥራታቸው ጥርጣሬ አመጣ። ማሟሚያውን ብቻውን ሞከሩት፤ መድኃኒቱ እሱ ነበር። ዛሬ ለሚጥል በሽታ በዓለም ዙሪያ ከሚታዘዙት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው።

እኔ ራሴ የደፋሁት አለ። ስድስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ልጅ ከፊቴ ተቀምጦ ይማር ነበር። አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደቀ። ወንበሩ ሲገለበጥ የተሰማው ድምፅ፣ ደብተሩ ላይ የፈሰሰው ምራቅ፣ መምህሩ ወደ በሩ ማፈግፈጋቸው፣ ሁሉም ዛሬ የሆነ ያህል ይታየኛል። በማግስቱ አጠገቡ የሚቀመጡት ልጆች ቦታ ቀየሩ። እኔም ቀየርኩ። ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ስሙን ሳነሳ ግን የሚመጣልኝ ወለሉ ነው።

ይህን ምሳሌ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሌላ ነገር ለማስታወስ ስሞክር ሰነበትኩ። ብዙ ቀን ምንም አልመጣም። ትናንት ማታ አንድ ነገር ብቅ አለልኝ። እርሳስ የሚቀርጸው በምላጭ ነበር፤ ረጅም አድርጎ፣ ጫፉን እንደ መርፌ አድርጎ። መቅረጫዬ የጠፋብኝ ቀን የእኔንም ቀርጾልኛል። ልጣጩን መሬት ላይ አልጣለውም፤ መዳፉ ውስጥ ሰብስቦ ኪሱ ከተተው።